አራተኛው ድራይቨር

የመጀመሪያው ድራይቨር የተሰጠውን ስም ይዞ ሄዶ የጥያቄ ምልክት ተሸክሞ ተመለሰ። ከዚያ ስም አንዲት ፊደል እንኳ አልተረፈችም። ፕሮግራመሩ አልገረመውም፤ ድራይቨር ማለት በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መሀል የሚመላለስ መልእክተኛ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ አርጅቷል፣ ከላቲን ሌላ ፊደል ሲሰጡት ምላሱ ይተሳሰራል። የነዋሪዎች መዝገብ ወደ አዲሱ ሥርዓት ከመዛወሩ በፊት፣ ከአራቱ የትኛው ፊደል ሳያበላሽ እንደሚያመላልስ መለየት ነበረበት።

እዚህ ቢሮ እያንዳንዱ ፈታሽ የራሱ የሙከራ ቃል አለው። ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው አንጋፋ፣ የወደቀ ሥርዓት ሁሉ ጠጋግኖ ስለሚያቆም «ጠጋኙ» የሚሉት፣ የድሮ አለቃውን ስድብ ይጠቀማል። የፕሮግራመሩ ግን የእናቱ ሙሉ ስም ነው። መልእክተኞቹ የሚደናቀፉባቸው ፊደላት ሞልተውበታል፤ ደግሞም ሲጽፈው ደስ ይለዋል።

ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

«እማዬ ምን እንደሆነች እንጃ» አለችው። «ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ድንገት ቢላዋውን አስቀመጠች። ብጠራት አትሰማኝም። ስምሽ ማነው ስላት ዝም ብላ ታየኛለች።»

«ደክሟት ይሆናል። ውሃ ስጫት» አላት። እያወራ፣ ከልማድ የተነሳ፣ ጣቱ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ነካ። ሁለተኛው ድራይቨር በፊደላቱ ቦታ ባዶ ባዶ ሳጥኖች ደርድሮ መጣ።

«ኧረ ዓይኗን ብታየው!» አለች እህቱ። «ሰው የለቀቀው ቤት መሰለ። ኧረ እኔስ ፈራሁ!»

«አትፍሪ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው» አላትና ሦስተኛውን ለቀቀው። ለምን እንደቸኮለ ለራሱም አልገባውም።

«ተናገረች! ስሟን ጀመረች... ግማሹ ላይ ቆመች። እማዬ፣ ጨርሺው እንጂ!»

ስክሪኑ ላይ ግማሽ ስም ነበር። ያን ጊዜ ነው መስመሩን እስከ ጫፉ ያየው። ከግማሹ ስም ቀጥሎ እሱ ያልጻፈው የልደት ቀን አለ፣ የቤት ቁጥር አለ። መጨረሻው ላይ የእናቱ ጉርድ ፎቶግራፍ ቀጥ ብሎ ያየዋል። ትናንት እውነተኛውን መዝገብ ሲጠግን የገባበትን የዳታቤዝ አድራሻ ሳይቀይር ነበር ሙከራውን የጀመረው። ፕሮግራሙ አዲስ መስመር እንደመክፈት ያንኑ ስም ፈልጎ አግኝቶ፣ እላዩ ላይ ሲጽፍበት ቆይቷል።

«ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አለ ጠጋኙ።

«እውነተኛው መዝገብ ላይ ነው የሞከርኩት። እናቴ ላይ።»

ጠጋኙ ከት ብሎ ሳቀ። «ያላደረገው ማን አለ? ይልቅ አራተኛውን ልቀቀው። እሱ የተባረከ ነው፣ እንደ ሰጠኸው ይመልስልሃል።»

ለቀቀው። ስሙ ሙሉውን መጣ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል።

እህቱ ጆሮውን እስኪያደነቁረው ጮኸች። «አለችው! ስሟን ከነአባቷ አለችው! ምን ያስጮህሻል ብላ እየተቆጣችኝ ነው!» እሱም እንባው መጣ፤ ማንም እንዳያየው አንገቱን ደፋ።

ቀና ሲል ስክሪኑ ይጠይቀዋል፦ «ሙከራው ተሳክቷል። የተጻፈውን ልሰርዝ?»

ይህንን ያበጀው ራሱ ነው። ሙከራ ሲያበቃ የጻፈበትን መስመር እንዳለ አጥፍቶ መውጣት አለበት፤ ቢሳካም ባይሳካም፣ መሀል ላይ ቢዘጋም። እንቢ የሚባልበት ቦታ አላበጀለትም። እስኪያበቃ ድረስም መስመሩን ቆልፎ ስለሚይዝ፣ በሌላ በኩል ገብቶ ማስጣል አይቻልም። በዚህ ጥንቃቄው ስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለታል።

«ይሰረዛ፣ ምን ቸገረህ?» አለ ጠጋኙ ጃኬቱን እየለበሰ። «የትናንቱ ቅጂ አለን። እስከ ማታ እንመልሳታለን።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ምን?»

«ተሰርዛ እስክትመለስ የት ትሆናለች?»

ጠጋኙ ጥያቄው የሥራ መስሎት ትንሽ አሰበ። «የትም። በመሀል የለችማ» አለና ለምሳ ወጣ።

በስልኩ ውስጥ እህቱና እናቱ ሲሻሙ ተሰማው። አሸናፊዋ እናቱ ነበረች።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ታማለች እያለች ሰፈሩን ልታሸብርብኝ ነው። መጥተህ እየኝና ይውጣልህ። ደግሞ ምሳ ደርሷል። ምን ይዞህ ነው?»

«አንቺን ይዤ ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያ አጥብቀህ ያዝ!» አለችና ሳቀች።

ስልኩን በትከሻው ደግፎ ሁለት እጆቹን ከቁልፎቹ አነሳ፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንዱን በአንዱ ጨበጠ። እሷ ስለ ጎረቤት ታወራለች። እሱ እየሰማት ነው፤ ፊት ለፊቱ ስክሪኑ ላይ ጥያቄው ብልጭ ድርግም ይላል።