በጭድ የተሞላው ጥጃ

ምሥራቅ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ታቅፋ በረቱ በር ላይ ቆማለች። ቆዳው በጭድ ተሞልቶ ተሰፍቷል። የኮሶዬ ደጋ የጠዋት ብርድ ጣቷን አደንዝዞታል።

ጥጃው ከሞተ ሁለት ቀኑ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቱ ላሟ ዳለቻ ወተቷን ከልክላለች። ዛሬም ካልታለበች ትነጥፋለች፤ የነጠፈች ላም ደግሞ ለልኳንዳ ቤት ትሸጣለች። ዳለቻን ከጥጃነቷ ጀምሮ ገመዷን ይዛ ያሳደገቻት ምሥራቅ ናት።

«ጨው ነስንሽበት፤ ጥጃዋ መስሏት ቶሎ ትልሰዋለች» አለች እናቷ የትነበርሽ፣ የማለቢያ ግሬራዋን እያጠበች።

ምሥራቅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች። ለእረፍት የመጣችው ከነቤት ሥራዋ ነው፦ ከሰው ሁሉ የላቀ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ቀን የራሱን ፍጡራን ቢሠራ፣ ስሜት የሚሰጣቸው ለምን ይሆናል? ስልኳን ብትጠይቀው ዐሥር ምክንያት ዘረገፈላት፤ ስልክ መቼ መልስ ያጣል። አንዱም አልጣማትም።

«እማ፣ አንቺ ፍጡራን የምትሠሪ ብትሆኝ ስሜት ትሰጫቸው ነበር?»

«ምነው አልሰጣቸው? አምና ጅቡ የመጣ ለት እኔ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ዳለቻን ጥጃሽን ጠብቂ ያላት ማን አለ? አንጀቷ አላስችላት ብሎ ነው ቀንዷን ቀስራ ያደረች። ሁልጊዜ አጠገባቸው ቁሜ እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አድርጉ ልላቸው ኑሯል?»

ሸጋ መልስ ነው። ምሥራቅ ደስ እያላት ጥጃውን ከላሟ አፍንጫ ሥር አቆመችው።

ዳለቻ አሸተተችው። ቆም አለች። ከዚያ ከጆሮው ጀምራ ትልሰው ገባች። የትነበርሽ ቁጢጥ ብላ የላሟን ጡት ሳብ ብታደርገው ወተቱ ይወርድ ጀመር።

ተመስገን፣ አትሸጥም። ደስታው ገና ሳይበርድላት ግን አንድ ነገር ምሥራቅን ከነከናት። ያ የቤት ሥራዋ ሠሪም ለፍጡራኑ ስሜት የሚሰጣቸው ለእነሱ ብሎ ነው ወይስ ከእነሱ ለሚያልበው ወተት?

«እማ፣ ስሜት ባይኖራት እኮ አናታልላትም ነበር።»

ምሥራቅ ጎንበስ ብላ እናቷን አየቻት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምታልበው።

«ምነው ወዲያ ዞርሽ?»

«ዓይኗን እያየሁ አይሆንልኝም፣ ልጄ።»

የስልኳ ዐሥሩም ምክንያቶች የሚያወሩት ስለ ፍጡራኑ ነበር። ሠሪውን ምን ይሰማው ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም። ምሥራቅ ይህን እያሰላሰለች ሳለ የጥጃው የሆድ ስፌት ላላና አንድ እፍኝ ጭድ ብቅ አለ። ዳለቻ ሳታየው ምሥራቅ በፍጥነት በጣቷ መልሳ ከተተችው። ላሟም ልሳ ልሳ እዚያ ስትደርስ፣ የምሥራቅንም እጅ አብራ ላሰችው።