ሞተሩ ጭነት ይቅመስ

አንማው ጀልባውን ለሽያጭ ካቀረበ ወዲህ እንዲህ ያለ ዐዋቂ ገዢ አላጋጠመውም። ጓደኞቹ ንግሥ የሚሄደውን ሕዝብ ወደ ደሴቷ ሲያመላልሱ፣ እሱ ይህን ሰው ብሎ ከዳር ቀርቷል።

ሰውዬው መጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ዳሰሰ፤ ሻጭ አስቀድሞ አሙቆት እንደሆነ ሊያውቅ ነው። ዘይቱን በጣቱ አሻሸ፣ ካንዴላውን አስፈትቶ አየ፣ ሞተሩ ሲነሳም ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ድምፁ ሸጋ ነው» አለ፤ «ግን ሞተር በባዶው አይታወቅም። ጭነት ይቅመስ።»

«ጭነት ከየት አባቴ ላምጣ?»

ሰውዬው ወደ ሾላው ዞሮ አፏጨ። ጥላው ሥር የተቀመጡ ነጭ ለባሾች ድፏቸውን ተሸክመው መጡና ጀልባዋን ሞሏት።

«ዘመዶቼ ናቸው» አለ።

አንማው ደስ አለው። ዘመዱን ይዞ የመጣ ገዢ የምሩን ነው። ጣናን እየሰነጠቀ ከደሴቷ አደረሳቸው፤ ሞተሩም አላሳፈረውም።

ከዳር የቆሙት ቄስ ሰውዬውን መስቀል አሳለሙትና ጀልባዋን ገርመም አደረጓት።

«ምነው፣ የዘንድሮዋ ጠበበችሳ? የአምናዋ ትሻል ነበር።»

ሰውዬው ነጠላውን እያስተካከለ ወደ አንማው ዞረ።

«ሞተሩ ደህና ነው፤ መመለሻውን ታቦቱ ሲገባ እንሞክረዋለን።»