ኪስ የሌለው ልብስ

አዲል ሲጋራ እንደሚተው ለሚስቱ ለሀፍሳ ምሎላት፣ ፓኬቱን ጅዳ፣ ሩዋይስ ካለው ቤታቸው ጥሎ፣ ኢሕራሙን ለብሶ አብሯት ለዑምራ ወደ መካ ተነሣ። በአውቶቡሱ ውስጥ ግን ቀኝ እጁ አሁንም አሁንም ወደ ደረቱ ይሄድበታል።

«አንተ ሰው፣ ኢሕራም እኮ ስፌት የለውም፤ ኪስ ከየት ሊመጣ?» አለችው።

«ወላሂ እኔ አላዘዝሁትም!» አለ ተበሳጭቶ። «ድሮ ሲያምረኝ ነበር የማጨሰው። ዛሬ ሳያምረኝም እጄ ይሄዳል።»

«ኸላስ፣ እንግዲያው ተቀመጥበት!»

እጁን ከጭኑ ሥር ሸጎጠው። መካ ሲቃረቡ እጁ አምልጦ የደረቱን ነጭ ጨርቅ ዳበሰ፤ ሀፍሳ እያየችው፣ ኪስ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ እስከ አንጓው ገባ። አዲል ሊያወጣው ሲታገል፣ ከውስጥ ሌላ እጅ ፓኬቱን አቀበለው።