የገመዱ ሁለት ጫፍ

ትርሲትና ባሏ በልሁ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ ገመድ እያገናኙ ይተዳደራሉ። የሚጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገመዱ ውስጥ ያሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በሚደረደሩበት ቅደም ተከተል። እሷ “ብርቱካናማው ይቅደም” ትላለች፣ እሱ “አረንጓዴው”። ሁለቱም የታወቀ ደረጃ ነው፤ በተለመደው ሥራ ዋናው ነገር የገመዱ ሁለት ጫፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

አንድ ቀን የአንድ ጤና ጣቢያን የካርድ ክፍልና የላቦራቶሪ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊያገናኙ ሄዱ። ጠዋት በዚሁ በቀለም ነገር ተኳርፈው ነበር የወጡት። ገመዱን በግድግዳው አሳልፈው እሷ በካርድ ክፍሉ፣ እሱ በላቦራቶሪው በኩል ሥራ ጀመሩ። ትርሲት ሽቦዎቹን ስትደረድር አንጀቷ ራራ። “ለዛሬ የሱ ይሁንለት” ብላ አረንጓዴውን አስቀደመችና ጫፉ ላይ የሚገባውን መሰኪያ፣ ኮኔክተሩን፣ ጨምቃ አሰረችው።

“ጨርሻለሁ!” አለ በልሁ ከወዲያ። “ደስ ይበልሽ፣ ብርቱካናማውን ነው ያስቀደምኩት!”

ትርሲት ክው አለች። ሌላ ኮኔክተር አልያዙም፤ ኮሪደሩ ደግሞ በታካሚ ተሞልቷል።

“እኔ እኮ ያንተን ነው የሠራሁት!”

የበልሁ ሳቅ ግድግዳውን አልፎ ተሰማ።

“ሰክተሽ እይው እስቲ! እንዲህ ያሉ አሮጌዎች መሃል ላይ ያለ ኔትወርክ ማከፋፈያ (ስዊች) በቀጥታ ሲገናኙ ጫፎቹ መለያየት አለባቸው። ሁለታችንም በኩርፊያ ረስተነው!”

ሰካችው። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪው መጥቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ትርሲት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን ሳትጠብቅ ወደ ኮሪደሩ ብቅ አለችና የባለውጤቷን ስም ጮክ ብላ ተጣራች።