አሥራ ሁለተኛው ጋውን

ዘጠነኛውን የጥምቀት ጋውን ጠምዝዛ ጨምቃ ገመዱ ላይ ስትሰቅለው ወገቧ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል። ሁለት ይቀሯታል። ዛሬ የተጠመቁት አሥራ አንድ ሰዎች ተቃቅፈው፣ ተላቅሰው፣ ፎቶ ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ የእነሱ ደስታ ያረጠበውን ሁሉ ማድረቅ የእሷ ድርሻ ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን በጽዳት ሠራተኛነት ሃያ ሁለት ዓመት ስትቆይ ያላጠበችው ጋውን፣ ያልሞላችው ገንዳ የለም።

አሥራ ሁለተኛው ጋውን ግን እንደ ደረቀ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሊለብሰው የነበረው ሰውዬ ጠዋት ደውሎ፣ ትንሽ ላስብበት፣ ብሎ ቀርቷል።

ፓስተሩ ደረቅ ልብስ ቀይሮ ከመልበሻው ክፍል ይወጣል። ገና ወጣት ነው፤ ቢሆንም ድምፁ ሰልሏል፣ ትከሻው ወርዷል። አሥራ አንድ ሰው ውሃ ውስጥ አጋድሞ ማንሣት ቀልድ አይደለም፤ በተለይ አንደኛው ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ የጭነት መኪና ሹፌር ሲሆን። ውሃውን ይልቀቁትና እንሂድ፣ እርስዎም ደክሞዎታል፣ ይላታል።

“እሺ” ትላለች። እሺ ማለት ለእሷ እንደ መተንፈስ ነው። ምእመኑም ስሟን ሲያነሣ፣ እንደ እትዬ ታዛዥ ሰው አይተን አናውቅም፣ ይላል።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ክንዷን እስከ ብብቷ ትሰዳለች። የውታፉን ሰንሰለት ታገኘዋለች። መሳብ ብቻ ነው የቀራት። ውሃው ገና ለብ ያለ ነው፤ እጇ ግን እምቢ ይላል።

ነገሩ የቆየ ነው። በተቀጠረችበት ዓመት እሷም ነጭ ጋውን ለብሳ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማ ነበር። ተራዋ ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀረው ቧንቧው ፈነዳና አዳራሹ በውሃ ተጥለቀለቀ። የዚያን ጊዜው ፓስተር፣ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ግራ ቀኝ ሲሉ ዓይናቸው ያረፈው እሷ ላይ ነው። ልጄ ቶሎ በይ፣ መወልወያ አምጪ፣ አሏት። እሺ አለች። በነጭ ጋውኗ ስትወለውል ቆይታ ቀና ስትል ገንዳው ባዶ ነበር።

ለሚቀጥለው ተባለ። በሚቀጥለው ፎጣ አቀባይ ሆነች። በጋውን ያያት ሁሉ ተጠምቃለች ብሎ ስላሰበ ጠያቂም አልነበራትም። አንድ ዓመት ሲያልፍ መናገሩ አሳፈራት፤ አምስት ዓመት ሲያልፍ ጭራሽ አንደበቷ ተሳሰረ። ይባስ ብሎ የፈሩትን የምታደፋፍረው እሷው ሆነች። አፍንጫችሁን ያዙ፣ ከውሃው በታች ጸጥ ይላል፣ ምንም አይሰማችሁም፣ ትላቸዋለች። ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቀውም።

ፓስተሩ ሰንሰለቱ አልላቀቅ አላት መስሎት ሊያግዛት ይጠጋል። አሁንም ብትስበው ማንም ምንም አያውቅም። ግን ደክሟታል፤ ከማጠቡም ከመወልወሉም ይልቅ መደበቁ አድክሟታል።

“እኔ አልተጠመቅሁም” ትላለች ፊቷን ሳታዞር።

የቀለደች መስሎት ፈገግ ይላል። ክንዷን ከውሃው እንደማታወጣ ሲያይ ፈገግታው ይጠፋል። እሱም በልጅነቱ የተጠመቀው እዚሁ ገንዳ ውስጥ ነው።

“እትዬ፣ እኔን አይዞህ ብለው ያስገቡኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

“ነኝ። ዋሸሁህ። ሰው ሁሉ ታዛዥ ይለኛል። ወልውይ ሲሉኝ ወለወልኩ፣ ሙዪ ሲሉኝ ሞላሁ። ጌታ ያዘዘኝን ይቺን አንዷን ግን ነገ ነገ እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት አሳደርኳት።”

ፓስተሩ አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጥና ይተነፍሳል፤ ከዚያ አሁን ያደረገውን ደረቅ ካልሲ ቀስ ብሎ ማውለቅ ይጀምራል።

“ተው፣ ደክሞሃል። ለሚቀጥለው ይሁን።”

“ለሚቀጥለው አይባልም” ይላል፤ ጋውኑንም ከሚስማሩ ያወርድላታል።

ጋውኑ ለረጅም ሰው የተመደበ ነውና ወለሉን ይጠርጋል። ጫፉን ሰብስባ ደረጃውን ትወርዳለች። መዳፉን ከጀርባዋ ያደርጋል፤ የጌታን ስም ሲጠራባት ትሰማለች፤ ከዚያ ጣራው ከዓይኗ ይጠፋል።

ለካ ጸጥ አይልም። የልቧ ምት ይሰማታል፤ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ሲያጉረመርም ይሰማታል፤ ከላይ ደግሞ ያ የሰለለ ድምፅ። ስትወጣ ትንታ ያጣድፋታል፤ ስንቱን ያስተማረች ሴትዮ የራሷን አፍንጫ መያዝ ረስታለች። ትስላለች፣ ታለቅሳለች፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለራሷም አይለይላትም።

ከገንዳው ስትወጣ ወለሉ በውሃ ተጥለቅልቋል። እጇ በልማዱ ወደ ጥጉ ይዘረጋል። መወልወያው ግን እዚያ የለም፤ ፓስተሩ ይዞታል።

“ይቀመጡ።”

“ኧረ እኔ እያለሁ…”

“ይቀመጡ አልኩ፣ እትዬ።”

“እሺ” ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካለቻቸው እሺዎች ሁሉ ይሄኛው ይከብዳታል።

አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ሲወለውል መላ የለውም፤ ውሃውን ከጥግ ወደ ጥግ ያንገላታዋል። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ከጋውኗ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ገና አሁን የወለወለውን ወለል መልሶ ያረጥበዋል፤ እሷ ግን አትነሣም።