ከቆመበት ወይስ ከመጀመሪያው

የፕሮግራም ባለሙያዋ ጣቷን ከቁልፉ በላይ አንጠልጥላ ደርቃ ቀረች። የላቦራቶሪውን መሣሪያ የሚያዘው ፕሮግራም ምርመራውን መሐል ላይ አቁሞታል። ሊያስነሳው የሚችለው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ የትእዛዙም ማብራሪያ አንዲት መስመር፦ «ሥራውን ያስቀጥላል።» ከቆመበት ይሁን ከመጀመሪያው፣ የጻፈው ይወቀው! ከመጀመሪያው ከሆነ መሣሪያው ብልቃጡ ውስጥ የቀረችውን የሕፃኑን ደም እንደገና ይመጥጣትና ሁሉም ነገር ገደል ይገባል።

«እህቴ፣ በናትሽ ቶሎ በይ» አለቻት ነርሷ በሩን ተደግፋ። «ከሕፃኑ ሌላ ደም መውሰድ አይቻልም፤ አቅም የለውም።»

በሌላው እጇ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስትጠብቅ፣ ፕሮግራሙን የሠሩት አዛውንት አነሱት።

«ጋሼ፣ ‹ያስቀጥላል› ሲሉ ከየት ጀምሮ ነው?»

«ማብራሪያው ላይ አለልሽ እኮ፣ ልጄ።»

«እሱን አንብቤ ነው የደወልኩት!»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ራሴ የምጫነው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጣቷ እዚያው እንደተንጠለጠለ ነበር።

«ጎሽ፣ አገኘሻቸው!» አለች ነርሷ፣ ፊቷ በርቶ። «ምን አሉሽ?»