ወንበር ቁጥር ሰባት

«አንዲት ቃል ከዋሸሁ ምላሴ ሸዋ በር ላይ ይሰቀል!» ይላል ጌታነህ፤ ጉንጩ በጫት እንደ ቡጢ ተወጥሯል። «አርባ ታንክ! በአንድ ከሰዓት በኋላ አርባ ታንክ አመድ አድርጌያለሁ!»

«ባለፈው ጁምዓ አሥራ ሁለት ነበሩ» ይላል የቤቱ ባለቤት ጀይላን፣ ከትራሱ ቀና ሳይል። «ወለዱ እንዴ?»

ጌታነህ አይሰማም። ምንጣፉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ደርድሯል፤ መሃል ያቆመው ብርጭቆ አዲሱ ብረት ለበስ መኪና ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ይህ መኪና ገና ወረቀት ላይ ነበር። ሳይሠራ በፊት ውጊያ ይችል እንደሆነ ለማየት፣ በአራት ከተማ ያሉ ኮምፒውተሮች በመስመር ተያይዘው ወታደሮች አሥራ አንድ ቀን በስክሪን ተዋጉበት። ሐረር ላይ ወንበር ቁጥር ሰባት የጌታነህ ነበር። እስከዚህ እውነት ነው። ከዚህ ወዲያ እሱ ሲያወራው፣ ድሬዳዋ ጠላት ሆኖ የተቀመጠው ወታደር በማይክራፎን ያለቅሳል፣ ጄኔራሎች ቆመው ያጨበጭባሉ።

ዛሬ ግን ወሬው ራሱ ይከብደዋል። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው የጀይላን ዘመድ ዋፊቃ አንዴም አልሳቀችም። ከሶፊ ገጠር የመጣችው ለጨዋታ አይደለም። ልጇ ቢላል የዚያው መኪና ነጂ ሊሆን ነገ ጠዋት ይፈርማል፤ ያለ እናቴ ዱዓ አልፈርምም ብሏል።

«ሻምበል» ትለዋለች፣ በአሥር አለቅነት ጡረታ መውጣቱን እያወቀች። «ታንኩን ተወው። መኪናው ይቃጠላል?»

«ይቃጠላል? እህቴ፣ እሳት ራሱ ይፈራዋል!»

«ወላሂ በል።»

«እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።»

«በምታምነው በላ!»

የጌታነህ እጅ አንገቱ ላይ ወዳለው ማተብ ይሄዳል። «ማርያም…»

«በእሷ እንኳ አይማሉ፣ ጋሽ ጌታነህ።»

ማህሌት ናት፤ ግቢው ውስጥ ተከራይታ የምትኖር፣ ያኔ የእነ ጌታነህን ኮምፒውተሮች ትቆጣጠር የነበረች ባለሙያ። ውሃ የሞላ ጀሪካኗን የበሩ ደፍ ላይ ታሳርፋለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው።

«አሥራ አንዱንም ቀን ተቃጥለዋል። አምስት ደቂቃ የሞላዎት ቀን የለም። የሞተ ሰው ውጊያው እስኪያበቃ ከወንበሩ መነሳት ክልክል ስለነበር፣ የጠቆረ ስክሪን ፊት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ውሃ የማመጣልዎት እኔ ነበርኩ። ሪፖርቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መልስ አልመጣም፣ መኪናውም እንዳለ ተሠራ።»

ጀይላን ከትራሱ ቀና ይላል።

የጌታነህ እጅ ማተቡን ይለቃል። አርባዎቹን ታንኮች በሐሳቡ የመታው እዚያ ነበር፤ ከጠቆረው ስክሪን ፊት፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ ከሞተ በኋላ።

የዋፊቃ ዓይን ምንጣፉ ላይ ነው። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ መሃል ያቆመውን ብርጭቆ ቀስ አድርጎ ይደፋዋል።